በሟች ገቢ የሚተዳደር

ሻለቃ የቁርሱን ብርጭቆ እያጠቡ ሳለ ነው የሰሙት። በትልቁ ልጃቸው ቤት ሳሎኑንና ማድ ቤቱን የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው። ሳሎን የተነገረ ሁሉ ማድ ቤት ይሰማል፤ ይህን የማያውቀው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። «የእህቴ ገንዘብ ከፈንዱ በእማዬ ስም ይውጣ» ይላል ልጃቸው ለሚስቱ። «ባሏ ወንድ አይደለም እንዴ? ሠርቶ ይብላ። ትንሹ እዚያው አባቱ ጋ ይቆይ። ትልቋን ዛሬ ማታ ሄጄ አመጣታለሁ። ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው፣ ቤት ታግዛለች።» ሚስትየው «ትምህርቷስ?» አለች። «እሱ ይታያል» አላት።

ሻለቃ የያዙትን ብርጭቆ ደግመው አለቀለቁት። እሳቸውም በዚያው ዕድሜ አጎታቸው ቤት የገቡት «ታግዛለች» ተብለው ነበር። ሲያግዙ ሲያግዙ ለአቅመ ሔዋን ደረሱ፣ ሲያግዙ ተዳሩ። «ይታያል» የተባለው ትምህርት ግን እስከ ዛሬ አልታየም። እጃቸውን አደራረቁ፣ ሻርፓቸውን አሰሩ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሳሎኑ በኩል አለፉ። ልጃቸው ከስልኩ ቀና ብሎ «ወዴት ነው እማዬ?» አላቸው። «ጉዳይ አለኝ።» «የፈንዱ ጉዳይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ በመኪና እወስድሽ የለ?» ሻለቃ ጫማቸውን ፈለጉ። ሚስትየው ዓይኗን ከጠረጴዛው ልብስ ላይ አላነሳችም። ሻለቃ በሩን ከፍተው ወጡ።

ሻለቃ የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው ጦር ሠራዊት አይደለም። ዕድሜያቸውን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የጨረሱት። ከላስቲክ ሽርጥ ሌላ የደንብ ልብስ ለብሰው አያውቁም። ነገር ግን ደም የነካው ጋውን አዘግይቶ የሚያመጣ ሐኪም እንኳ ድምፃቸውን በኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ መንገድ ይቀይር ነበር። ጡረታ ሲወጡ ሁሉን አስረክበው ማዕረጓንና ምላሳቸውን ብቻ ይዘው ቀሩ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች ይባላል። የሻለቃ ምላስ ከማንም በላይ ያረፈችው በአንድ ሰው ላይ ነበር፤ በልጃቸው ባል ላይ።

የመጨረሻ ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ያገባችው ልብስ ሰፊ ነው። ሲጋቡ ሱቅ ነበረው፣ ሁለት የስፌት መኪና ነበረው፣ ሰው ሱፍ ሊያሰፋ ተራ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ሰልባጁ ገበያውን አጥለቀለቀው። በአንድ ሱሪ ማሰፊያ ሦስት ሱሪ የሚገዛ ሰው ልብስ ሰፊ ደጅ ምን ያመጣዋል? ሱቁ ተዘጋ። አንዱ መኪና ተሸጠ፣ አንዱ ቤት ገባና መስኮት ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እሷ ትነዳለች፣ እሱ ቤት ይውላል። ሻለቃ ይህን መዋጥ አቃታቸው። «ልጄ ቀኑን ሙሉ ሕዝብ ስታመላልስ ውላ ማታ ደግሞ ባሏን ልትመግብ ትገባለች» ይሉ ነበር፤ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦም። ስምም አውጥተውለታል፦ «ክር አስገቢው።» ልጃቸው መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቋን ተወች። እሳቸው ግን አልተዉም።

አሁን ልጅቷ የለችም። አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡሷን ሞልታ የመጨረሻው ፌርማታ አድርሳ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። ተሳፋሪው ደክሟት መስሎት በዝግታ ወረደ። ከሞተች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። የአውቶቡስ ድርጅቱ የሠራተኞች መረዳጃ ፈንድ ደግሞ የሟች ቤተሰብ ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ሦስት ወር ብቻ ነው። ባልየው ግን አንድም ቀን ደጁን አልረገጠም።

ሲደርሱ ልብስ ሰፊው የሴት ልጁን የትምህርት ቤት ካልሲ እየጠቀመ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፣ ወለሉ ተወልውሎ እርጥበቱ ገና አልደረቀም። የአራት ዓመቱ ልጅ የስፌት መኪናው ሥር ተቀምጦ ባዶ የክር ማጠንጠኛዎችን እንደ አውቶቡስ በሰልፍ ይነዳል። ኪራይ መድረሱን፣ አከራይዋ ጠዋት መጥታ የግቢው ውኃ ዋጋ ጨምሯል ብላ መሄዷን፣ ዳቦም መጨመሩን ተነጋገሩ። ከዚያ የሚያወሩት አለቀ። በመሐላቸው ሁልጊዜ የምታወራው ሟቿ ነበረች፣ እሷ ደግሞ የለችም።

«ተነስ፣ ልብስህን ቀይር» አሉት ሻለቃ።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ፈንድ። የሷን ገንዘብ ልናመጣ።»

መርፌውን ካልሲው ላይ ሰካ። «እኔ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?» አለ።

«የሚሉህን ትመልሳለህ፣ ሌላ ምን አለ። ተነስ እንጂ፣ ሰው ምሳ ሳይወጣ።» ስለ ትልቋ የሰሙትን አልነገሩትም። ሁለቱ ወንዶች እንዳይጣሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት።

ትንሹን ለጎረቤት ሰጥተው ወጡ። ልብስ ሰፊው የለበሰው ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ነው። ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ የተቀመጠ፣ ጨርቁ ቢያረጅም ስፌቱ የማያረጅ ኮት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሻለቃ በቆረጣ አዩት። መልኩ ገርጥቷል፣ ኮሌታው ግን እንደ ምላጭ ነው። ማን ሸሚዙን እንደሚተኩስለት ሊጠይቁ ፈልገው ነበር፤ መልሱ ትዝ ሲላቸው ተዉት። የልጃቸውንም ሸሚዝ ሲተኩስ የኖረው እሱ ነው።

ፈንዱ የሚገኘው ከጋራዡ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የናፍጣ ሽታ እስከ ደረጃው ይከተላል። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሰዎች ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። አንዷ ለሌላዋ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ የባሏ ዘመዶች እንዴት ስልክ ማንሳት እንዳቆሙ ታወራለች፤ ሌላዋ «የኔዎቹስ ያነሳሉ፣ ኔትወርክ የለም ይላሉ» ትላለች። ሁለቱም በቀስታ ሳቁ። ተራው ሲደርስ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ጸሐፊ የልብስ ሰፊውን ኮት ከላይ እስከ ታች አየና «የየትኛው መሥሪያ ቤት ነዎት?» አለው። ባለጉዳይ አልመሰለውም። ጉዳዩን ሲሰማ ጥቂት አፈረና አቃፊ ከፈተ። ስም፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች ቁጥር ጠየቀ። ከዚያ አንገቱን ሳያቀና «በሟች ገቢ ይተዳደሩ ነበር?» አለ።

 ልብስ ሰፊው ሻለቃን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁለት፣ በል እንግዲህ ለማለት።

«አይ» አለ። «ቤቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሻለቃ በክርናቸው ጎሸም ሊያደርጉት ሲሉ መጻፉን ጨርሶ ነበር። «እንግዲያው አይመለከትዎትም» አለ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሟች ወንድ ከሆነ ለሚስቱ በየወሩ ይከፈላል። ሟቿ ሴት ስትሆን ግን ባልየው በእሷ ገቢ የሚተዳደር ካልነበረ፣ ልጆቹን አባታቸው ያሳድጋል ተብሎ ወርሃዊው ይቀራል። አንድ ጊዜ የሚከፈለው ድጎማ ብቻ ለወላጅ ይሰጣል።» ከዚያ ወደ ሻለቃ ዞረ። «እናቴ፣ የሟች እናት እርስዎ ነዎት? ይኸውና ዛሬውኑ ቢፈርሙልኝ ሳምንት ሳይሞላ ያወጡታል።» መጠኑን ነገራቸው። በአንድ ጊዜ እጃቸው ገብቶ የማያውቅ ገንዘብ ነው። እስክሪብቶውንም አስጨበጣቸው።

ሻለቃ እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያውቁታል። ትልቁ ልጃቸው የመለዋወጫ ሱቁን ለማስፋት ከጎን ያለውን ክፍል ሲመኝ ዓመት አልፎታል፤ ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ ለእሳቸውም ጥርስ አስተክልልሻለሁ ብሏል። ዞር ሲሉ ልብስ ሰፊው አጠገባቸው የለም። ደረጃውን እየወረደ ነው።

«የኔ ልጅ» አሉት ጸሐፊውን፣ እስክሪብቶውን በመስኮቱ መልሰው እያስገቡ። «ልጄ ሁለት ልጆች ትታ ነው የሞተችው። እኔ ጡት ከጣልኩ ስድሳ ዓመት አልፎኛል። መዝገቡን እንዳትዘጋው፣ መጣሁ።»

ጋራዡ ግቢ ውስጥ ጎማቸው የወለቀ አውቶቡሶች በእንጨት ላይ ቆመዋል። ልብስ ሰፊው በአንዱ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሻለቃ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ስለወረዱ ደረታቸው ያለከልካል፤ ትንፋሻቸው እስኪሰበሰብ ሊቆጡ ያሰቡት በረደ። አንድ መካኒክ የተገለበጠ ባልዲ አመጣላቸው፣ ተቀመጡበት።

«ምን ነካህ?» አሉት። «አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«አንዲት ቃል ናት» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ አድርጎባቸው አያውቅም። «አሥር ዓመት ሙሉ ሲሉኝ የኖሩት እኮ እሷኑ ነው። በሰው ሰርግ ላይ ብለውኛል፣ ልጆቼ ፊት ብለውኛል። ዝም ብዬ ሰማሁ፣ ምክንያቱም ማታ ስትገባ ‹እማዬ ያለችውን ተወው› ትለኝ ነበር፣ እተወዋለሁ። አሁን ማን ተወው ይበለኝ? ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ እርስዎ አጠገቤ ቆመው፣ ክር አስገቢው አዎ፣ ሚስቴ ነበረች የምታበላኝ ይበል?»

 ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሻለቃ የሚመልሱበት ገመድ ፈለጉ፣ አጡ። መካኒኩ ራቅ ብሎ ብረት ይቀጠቅጣል። ቀጥቅጦ እስኪያቆም ጠበቁ።

«ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ላቃልልህ ብዬ ነው ያልኩት። ስህተት ነበር ብልህ ዛሬ ገንዘቡን ፈልጋ ነው ትለኛለህ፣ እውነትህን ነው። እሱን ሌላ ቀን ስደበኝ። አሁን ግን ስማኝ። ወንድሟ ዛሬ ማታ ትልቋን ሊወስዳት ይመጣል።»

«ለእረፍት ነው ያለኝ፣ ትምህርት ሲዘጋ።»

«ዛሬ ማታ ነው። ቤት ታግዛለች ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ልብስ ሰፊው ሻለቃን ትክ ብሎ አያቸው።  ተነሣ፣ የኮቱን ጀርባ አራገፈ፣ ክንዳቸውን ይዞ ከባልዲው አስነሣቸው።

መስኮቱ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ፤ ሻለቃ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱለት፣ ተቀበለ፣ በላ። መስኮቱ ሲከፈት የጠዋቱ መልስ ይስተካከልልን ቢሉት ጸሐፊው አይሆንም ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አይ ብለው አይ ተብሎ ተጽፏል፣ በእሱ ሥልጣን አይሰረዝም። «ኃላፊዋ ዛሬ ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ» አላቸው። ሻለቃ «እንጠብቃታለን» አሉ። «ምናልባት አይመለሱም እናቴ።» «ቦርሳዋ ወንበሯ ላይ ነው፤ በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁ። ሴት ቦርሳዋን ጥላ ቤቷ አትሄድም።» ጸሐፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ኃላፊዋ የመጣችው ሌሎቹ ባለጉዳዮች ከሄዱ በኋላ ነው፤ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ጫማዋ እግሯን እንደነከሳት አረማመዷ ይናገራል። ቆማ ልትሸኛቸው አስባ ነበር፤ ሻለቃን አይታ ግን በሯን ከፈተች። መዝገቡን አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «ጠዋት አይ ብለዋል። ከሰዓት አዎ ይላሉ። እኔ የትኛውን ልመን? እዚህ ወንበር ላይ ስንት ሰው እንደሚዋሽ ቢያውቁ።»

ሻለቃ ሊመልሱ ሲሉ ኃላፊዋ እጇን አነሣች። «እርስዎን አይደለም እናቴ። እሳቸው ይናገሩ።»

ልብስ ሰፊው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ጠዋት የዋሸሁት አፍሬ ነው» አለ። «ሱቄ ከተዘጋ ወዲህ ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት እሷ፣ ይህን ጫማ የገዛችልኝም እሷ ናት። እኔ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ለሳሙናና ለክር ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። የምትወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ከሷ በፊት እነሣለሁ፣ ውኃ አሞቃለሁ፣ ምሳዋን እቋጥራለሁ፣ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ የሠራተኛ መኪና እስኪመጣ አብሬያት እቆማለሁ። ከዚያ ልጆቹን እቀሰቅሳለሁ። የትልቋን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሴቶቹ ስቀውብኝ ነበር፤ አሁን የልጆቻቸውን እንድሠራላቸው ይጠይቁኛል። ማታ ስትመጣ እግሯ አብጦ ነው የምትመጣው።» ጫማውን ዝቅ ብሎ አየ።  «የተኖረው እንዲህ ነው። እሷ አላፈረችበትም። እኔም ማፈር አልነበረብኝም።»

 ሻለቃ ሻርፓቸውን አጥብቀው አሰሩ፤ ሳይላላ። የልጃቸውን ቤት ዕድሜ ልክ ከደጅ ሲያዩት ኖረው፣ ዛሬ የሰው ቢሮ ተቀምጠው ገና ወደ ውስጥ መግባታቸው ነበር። ጨለማ ውስጥ ልጃቸው አጠገብ የሚቆም ሰው እንዳለ አያውቁም ነበር። ጠይቀውም አያውቁም።

«ምስክር ያስፈልጋል» አለች ኃላፊዋ፣ መነጽሯን መልሳ እያደረገች። «ከሟች ወገን ቢሆን ይመረጣል። የወላጅ ድጎማው ግን በዚህ ይቀራል እናቴ፣ ይወቁት።»

«አውቄዋለሁ። የት ላይ ነው የምፈርመው?»

«ምን ብለው ነው የሚመሰክሩት?»

«በልጄ ገቢ ይተዳደር ነበር ብዬ ነዋ» አሉ ሻለቃ። «ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቂ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከኔ ያልሰማ የለም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ ደግሞ በሱ እጅ ትተዳደር ነበር። እሱን የሚጻፍበት ቦታ ካለ ጻፊልኝ።»

«ቦታ የለውም» አለች ኃላፊዋ።  «አማት ለአማቿ ስትመሰክር ሳይ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው።» የጠዋቱን መልስ በአንድ መስመር ሰረዘች፣ ጎኑ ላይ ፈረመች፣ ማኅተሙን አሳረፈችበት። ክፍያው ከሚመጣው ወር ጀምሮ፣ ትንሹ ልጅ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ነው። ብዙ አይደለም፤ ኪራዩንና ትምህርት ቤቱን ይሸፍናል፣ የቀረውን በመርፌ መሙላት ነው።

ሲመለሱ የትልቁ ልጃቸው መኪና ደጅ ቆማለች። እሱ ራሱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ትልቋ አልጋው ጫፍ ላይ ናት፤ ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፣ ልብሷን የከተተችበትን ፌስታል ጭኗ ላይ አቅፋለች። አባቷ ሲገባ አንገቷን አቀረቀረች፤ ማንም በግልጽ ባይነግራትም የገባት ነገር አለ።

«እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክሽ ተዘግቶ» አለ ልጃቸው። «እኔ ሳልኖር ፈርመሽ እንዳይሆን። በይ አንቺ፣ ተነሺ፣ መሽቷል።» የመጨረሻው ለልጅቷ ነው።

ልብስ ሰፊው ኮቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ፌስታሉን ከልጅቷ ጭን ላይ አነሣና መጋረጃው ጀርባ አስቀመጠው። «ዩኒፎርምሽን ቀይሪ፣ ነገ ትለብሺዋለሽ» አላት። ከዚያ ወደ ሚስቱ ወንድም ዞረ። «ልጄ የትም አትሄድም።»

«ምን ልታበላት ነው?»

«እናቷ የተወችላትን።»

ለልጃቸው መልስ የሚሆን ነገር ሻለቃ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ጎን ክፍሉ፣ ስለ «ታግዛለች»። ዋጡት። ቤቱ የልብስ ሰፊው ነው፣ ይናገርበት። ልጃቸው ግን እናቱን ጠበቀ፤ እንደ ወትሮው አንዲት ነገር ወርውረው ሰውየውን ቦታው እንዲመልሱት። «እማዬ፣ ምን ይላል ይሄ?» አለ። «ሰምተኸዋል» አሉት። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ፣ እኔ ለሷው ብዬ ነበር አለ፣ ማንም አልተከራከረውም። በኋላ ለትልቋ የከረሜላ መግዣ ሰጥቷት ወጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ድስቱን አነሣ። ምስሩን ጠዋት ቀቅሎት ነበር፣ አሞቀው፤ ትንሹን ከጎረቤት አምጥቶ እጁን አጠበው። «እማማ፣ እራት በልተው ነው የሚሄዱት» አለ፤ ጥያቄ አላስመሰለውም። ሻለቃ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ መጥተዋል፤ ወንድ ያበሰለውን አልቀምስም ብለው በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ ሲሉ ኖረዋል። ሻርፓቸውን ፈቱና ትንሹን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። አንድ ማንኪያ ወሰዱ። ሁሉም አዩአቸው፣ ትልቋ ሳይቀር። በዝግታ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

«እሷም ሁልጊዜ ይህንኑ ነበር የምትለኝ» አለ ልብስ ሰፊው። የጨው ዕቃውን አነሣና አቀበላቸው።